የፍራፍሬ ዛፍ፣ ማዳበሪያና የጎረቤት ውሃ

በሉቃስ ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ ስለ አንዲት በለስ የተነገረውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ ስላጣባት እንድትቆረጥ ያዝዛል፤ አትክልተኛው ግን አንድ ዓመት እንዲታገሣት ይለምናል፤ በዚያም ጊዜ ዙሪያዋን ሊኮተኩትላትና ፍግ ሊያደርግላት ቃል ይገባል። በዚህ ምሳሌ አብዛኛውን ጊዜ የምናስተምረው ስለ ንስሐና ስለ እግዚአብሔር ትዕግሥት ነው፤ ተገቢም ነው። ዛሬ ግን የአትክልተኛውን እጅ እንመልከት። ይህ ሰው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። አስቀድሞ ይኮተኩታል፤ በዚህም አፈሩን ያያል። ቀጥሎም ፍጉን በማሳው ሁሉ ላይ ሳይበትን በዛፊቱ ዙሪያ ያደርጋል። በመጨረሻም ጊዜ ይሰጣታል፤ ከዓመት በኋላ ውጤቱን ሊመዝን ይጠብቃል።

በየቁምስናው ብዙ ምእመናን በጓሯቸውም ሆነ በመስኖ ማሳቸው አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካንና ፖም ያለማሉ። ስለዚህም በዚህ ጽሑፋችን ማዳበሪያን ለፍራፍሬ ዛፍ በመጠን ስለ መስጠት፣ መጠኑ ሲያልፍም በአፈርና በውሃ ላይ ስለሚያስከትለው ጉዳት እንመለከታለን። ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፦ ማዳበሪያ የዛፍ ምግብ ነው፤ ዛፉ ያልበላው ትርፍ ግን ጠፍቶ አይቀርም፤ ወደ ሌላ ሰው ውሃ ይሄዳል። ስለዚህ የማዳበሪያ መጠን የኪስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጎረቤትም ጉዳይ ነው።

1. ለአፈር መመለስ ለምን ያስፈልጋል?

ተክል ምግቡን ከአየር፣ ከውሃና ከአፈር ያገኛል። ከአፈር ከሚወስዳቸው ንጥረ ነገሮች ዋና ዋናዎቹ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ናቸው። ናይትሮጅን ቅጠልን ያለመልማል፤ ፎስፈረስ ሥርን ያጠነክራል፤ ፖታሲየም ፍሬው እንዲሞላና እንዲጣፍጥ፣ ዛፉም ድርቅንና በሽታን እንዲቋቋም ይረዳል። ከእነዚህ ሌላ ድኝ፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም፣ እንዲሁም በጣም በጥቂቱ የሚያስፈልጉት ዚንክና ቦሮን አሉ።

በጫካ ውስጥ ቅጠሉም ፍሬውም በዚያው ወድቆ ይበሰብሳል፤ አፈሩም ያበደረውን መልሶ ያገኛል። በፍራፍሬ እርሻ ግን እንዲህ አይደለም። ፍሬው በየዓመቱ በጆንያና በሣጥን ተሞልቶ ወደ ገበያ ሲወጣ የአፈሩም ሀብት አብሮት ይወጣል። ስለዚህ ለአፈር መመለስ ዕዳን እንደ መክፈል ነው፤ ማዳበሪያን በጅምላ መርዝ ብሎ መጥራትም ከእውነት የራቀ ነው።

ነገር ግን የምንመልሰው የጎደለውን መሆን ይኖርበታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በነበሩት በጀርመናዊው ኬሚስት በዩስቱስ ፎን ሊቢኽ ስም የሚጠራ አንድ ምሳሌ አለ። ቁመታቸው እኩል ካልሆነ ሳንቃዎች የተሠራ በርሜል ውሃ የሚይዘው እስከ አጭሩ ሳንቃ ድረስ ብቻ ነው። ሌሎቹን ሳንቃዎች ብናስረዝማቸው በርሜሉ አንዲት ጠብታ አይጨምርም። ተክልም እንዲሁ ነው፤ የሚያድገው በጣም ባነሰው ንጥረ ነገር ልክ ነው።

ይህን በምናውቃቸው ማዳበሪያዎች ላይ እንመልከተው። ዩሪያ ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ስለዚህ 50 ኪሎ የሚመዝን አንድ ጆንያ 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። ኤን ፒ ኤስ የሚባለው ደግሞ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ በፎስፌት መልክ የሚለካ ፎስፈረስና 7 በመቶ ድኝ አለው። በሁለቱም ውስጥ ፖታሲየም የለም። ሙዝና አቮካዶ ግን በፍሬያቸው ከናይትሮጅን ይልቅ ፖታሲየምን አብዝተው ይወስዳሉ። እንግዲህ ፖታሲየም በጎደለው ማሳ ሙዝ የሚያለማ ሰው ዩሪያን በላይ በላዩ ቢጨምር አጭሩ ሳንቃ አይረዝምም፤ ትርፉ ከበርሜሉ ይፈስሳል እንጂ።

ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ማዳበሪያ በሀገራችን ገበሬ ዘንድ መታወቅ የጀመረው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ በአብዛኛው የተሰጠው ስለ ጤፍ፣ ስለ ስንዴና ስለ በቆሎ ነው። እህል በጥቂት ወራት ተዘርቶ ይታጨዳል፤ ዛፍ ግን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ስፍራ ቆሞ ጥቂት በጥቂት ይመገባል። የአቮካዶ ምግብ ሳቢ ሥሮች አብዛኞቹ ከ30 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ይገኛሉ። የዓመቱን ማዳበሪያ በአንድ ቀን ብናፈስለት ሊወስደው ከሚችለው በላይ ይሆንበታል፤ ዝናቡም ትርፉን ከሥሮቹ በታች ይዞት ይወርዳል። የእህልን ልማድ ወደ ዛፍ ማምጣት የብዙ ብክነት መነሻ ነው።

2. ትርፉ የሚሄድባቸው አራት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ወደ አየር ነው። ዩሪያ በአፈር ሳይሸፈን በሙቀት ጊዜ ላይ ላዩን ከተተወ፣ ከፊሉ አሞኒያ ወደሚባል ጋዝ ተለውጦ ይበንናል። ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ ደግሞ ከናይትሮጅኑ ጥቂቱ ናይትረስ ኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ያህል ይበረታል።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ታች ነው። ናይትሮጅን በአፈር ውስጥ ናይትሬት ወደሚባል መልክ ይለወጣል። ናይትሬት በውሃ በቀላሉ ይሟሟል፤ አፈርም አጥብቆ አይይዘውም፤ ስለዚህ ከሚሰርገው ውሃ ጋር ወደ ጉድጓድና ወደ ምንጭ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው። ከዚህ ሲያልፍ ይበልጥ የሚጎዱት ዕድሜያቸው ከ6 ወር በታች የሆኑና በውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት በጡጦ የሚጠጡ ሕፃናት ናቸው፤ ደማቸው ኦክስጅንን የመሸከም ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከንፈራቸውና ጥፍራቸውም ይጠቁራል። እዚህ ላይ እናቶች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ፦ ውሃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ በቀረው ውስጥ የናይትሬቱ መጠን ይጨምራል።

ሦስተኛው መንገድ ወደ ጎን ነው። ፎስፈረስ እንደ ናይትሬት አይደለም፤ ከአፈር ቅንጣት ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ የሚሄደው አፈሩ ሲሄድ ነው። ጎርፍ ከተራቆተ ተዳፋት ላይ አፈሩን ሲያጥብ የገበሬው ፎስፈረስ ቀይ ውሃ ሆኖ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝም ወደ ሐይቅ ይገባል።

አራተኛው መንገድ እዚያው መቅረት ነው። ዩሪያና መሰል ማዳበሪያዎች ለብዙ ዓመታት ሲደጋገሙ አፈሩ አሲዳማ እየሆነ ይሄዳል። ብዙ ዝናብ በሚያጥበው በምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ላይ ይህ ችግር ይበረታል፤ ገበሬዎች ኖራ እንዲጨምሩ የሚመከሩትም ስለዚህ ነው። አፈር አሲዳማ ሲሆን ፎስፈረሱን አስሮ ያስቀምጠዋል፤ ገበሬውም ማዳበሪያው ኃይል ያጣ መስሎት ይበልጥ ይጨምራል። እንዲህ እያለ ስሕተት ስሕተትን ይወልዳል።

3. በቁምስናችን ግቢ የሆነው

እኛም ከዚህ ስሕተት ነጻ አልነበርንም። ከዓመታት በፊት በቁምስናችን ግቢ 40 የአቮካዶ ችግኞች ተከልን። ቶሎ እንዲያድጉልን ካለን ጉጉት የተነሣ በበጋ ወቅት ለእያንዳንዱ ችግኝ ዩሪያ በእፍኝ እየዘገንን ከግንዱ ሥር አፈሰስን። በጥቂት ቀናት ውስጥ የቅጠሎቹ ጫፍ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ሆነ፤ 11 ችግኞችም ደረቁ። የተረፉት አድገው ፍሬ መስጫቸው ሲደርስ ደግሞ ቅጠላቸው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ እጅግ ለመለመ፤ ፍሬአቸው ግን ጥቂት ነበር። እኛም ምግብ አንሷቸው ይሆናል ብለን ሌላ ጆንያ አስመጣን።

ጆንያው ሳይፈታ የግቢያችንን ተክል የሚንከባከቡት አረጋዊ ወደ እኛ መጡና እንዲህ አሉን፦ «አባ፣ ይህ ዛፍ ጠግቦ ነው እንጂ ተርቦ አይደለም። ደግሞስ እስከ ዛሬ የሰጠነው ሁሉ፣ ዝናቡ ሲመጣ ወዴት የሚሄድ ይመስልዎታል?» በበትራቸውም ከአጥራችን በታች ወዳለው ጉድጓድ አመለከቱን። ከዚያ ጉድጓድ ሦስት ቤተሰቦች ይቀዳሉ፤ በአንደኛው ቤት ገና ወር ያልሞላው ሕፃን ነበረ። እናቲቱም ውሃውን ሁልጊዜ አፍልታ ትጠቀም ነበርና ምንም ሥጋት አልነበራትም።

የውሃው ምርመራ እስኪደርስ መጠበቅ አላስፈለገንም። ጆንያውን መለስን፤ በአጥሩ ሥር ሰፋ ያለ የሣር መስመር ተከልን፤ ለቤተሰቦቹም ነገሩን ገልጠን፣ ለሕፃናት የሚሆን ውሃ ከግቢያችን የቧንቧ ውሃ እንዲቀዱ አደረግን። ከልባችን ያልወጣው ግን የአረጋዊው ጥያቄ ነው። ለዛፎቻችን ስንጨነቅ የጎረቤታችንን ጽዋ አላሰብንም ነበር።

4. ከጉድጓዱ እስከ ሐይቁ

በአንድ ግቢና በአንድ ጉድጓድ መካከል የሆነው በአንድ ተፋሰስና በአንድ ሐይቅ መካከልም ይሆናል። በሰሜን ሜጫ ወረዳ፣ በመራዊ አቅራቢያ የሚገኘው የኮጋ ግድብ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። በዚያ መስኖ ገበሬዎች ከስንዴና ከአትክልት ጋር አቮካዶን በስፋት ማልማት ጀምረዋል፤ ፍሬውም ለውጭ ገበያ እስከ መቅረብ ደርሷል። ይህ ለብዙ ቤተሰቦች ተስፋ የሰጠ ልማት ነው። የኮጋ ወንዝ ግን ወደ ግልገል ዓባይ ይገባል፤ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና። የማሳው ትርፍ ከውሃው ጋር ሲወርድ መጨረሻው ሐይቁ ነው።

ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ጥልቅ የሚባለው ስፍራው 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ንጥረ ነገር ሲበዛበት ቶሎ ይጎዳል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ በጣና ላይ የታየው በ2011 (እ.ኤ.አ.) ነው። ይህ አረም በተመቸው ውሃ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ የሚመገበውም በውሃው ውስጥ የሚያገኘውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። የዓሣ አጥማጁን መረብና ታንኳ አሰረ፤ የከብቱን ውሃ መጠጫ ዘጋ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት አይተናል።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ መሆን አለበት። ለእምቦጭ ምግብ የሆነው ከፍራፍሬ ማሳ የመጣው ብቻ አይደለም፤ ከእህል ማሳ የሚታጠበው አፈር፣ የከተሞች ፍሳሽና የተራቆተው ተዳፋት ሁሉ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን «የእኔ ድርሻ ጥቂት ናት» የሚል ሰው ሁሉ ሐይቁን የሞላው በዚያች ጥቂት ድርሻ ነው። በሀብታም አገርም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። በነሐሴ 2014 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በቶሊዶ ከተማ ከ400,000 በላይ ሰዎች ለሦስት ቀን ያህል የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጡ ተከልክለው ነበር። ምክንያቱ በኢሪ ሐይቅ ላይ የተስፋፋ መርዛም አልጌ ሲሆን፣ አልጌውን በአብዛኛው የመገበው ከእርሻ የሚታጠብ ፎስፈረስ ነበር።

5. ሌላው ጽንፍ

ታዲያ ማዳበሪያን ጨርሶ መተው ይሻላልን? የስሪላንካ መንግሥት በ2021 (እ.ኤ.አ.) የኬሚካል ማዳበሪያ ወደ አገሩ እንዳይገባ በድንገት ከለከለ። ገበሬዎች በምትኩ የሚጠቀሙበት በቂ ብስባሽም ሆነ የመዘጋጃ ጊዜ አልነበራቸውም። የሩዝና የሻይ ምርት ወደቀ፤ በሩዝ ራሷን ችላ የነበረች አገር ሩዝ ከውጭ መግዛት ግድ ሆነባት፤ ክልከላውም ዓመቱ ሳያልቅ ተነሣ። በእኛም አገር በ2015 ዓ.ም. የዘር ወቅት ማዳበሪያ በጊዜው ያልደረሳቸው ገበሬዎች ጭንቀት ገና አልተረሳም። እንግዲህ አንዱ ማሳ ሲራብ ሌላው ይጠግባል። ትርፍ በሚደፋበትና ጥቂቱ በጠፋበት አገር መጠንን ማወቅ ፍትሕ ነው።

6. አራቱ መለኪያዎች

የግብርና ሊቃውንት የማዳበሪያን ነገር በአራት መለኪያዎች ያጠቃልሉታል፤ ዓይነት፣ መጠን፣ ጊዜና ቦታ።

ሀ. ዓይነት፦ አስቀድሞ አፈሩን ማስመርመር፤ ካልተቻለም ቅጠሉን ማንበብና የግብርና ልማት ሠራተኛን ማማከር ይገባል። አሮጌው ቅጠል በሙሉ ወደ ቢጫነት ሲያደላ ብዙ ጊዜ ናይትሮጅን ማነሱን ያሳያል፤ የአሮጌው ቅጠል ጠርዝ ሲደርቅ ግን ፖታሲየም አንሶ ሊሆን ይችላል። የእንጨት አመድ ፖታሲየም ይሰጣል፤ የአፈሩንም አሲዳማነት ይቀንሳል። በጎጃም ገበሬው የሚያውቀው ግብጦ በዛፎቹ መካከል ቢዘራ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ ያተርፋል።

ለ. መጠን፦ በእፍኝ ሳይሆን በሚዛን። ለምሳሌ ባለሙያው ለአንድ ዛፍ በዓመት 200 ግራም ንጹሕ ናይትሮጅን ይበቃዋል ቢል፣ ይህ በዩሪያ 435 ግራም ያህል ይሆናል። 1 በመቶ ናይትሮጅን ያለው 10 ኪሎ ብስባሽ ከጨመርን ደግሞ በውስጡ 100 ግራም ናይትሮጅን አለ። በመጀመሪያው ዓመት ለዛፉ የሚደርሰው ከዚህ 30 ግራም ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ የቀረው ፍላጎት 170 ግራም፣ በዩሪያም 370 ግራም ያህል ነው። ብዙዎቻችን ፍግ ጨምረን ዩሪያውን ሳንቀንስ እንቀራለን። ፍግም ማዳበሪያ ነው፤ ሲበዛ እርሱም ውሃን ይበክላል። መለኪያ የሌለው ሰው አንድ ጣሳ ወስዶ በሱቅ ሚዛን አንድ ጊዜ አስለክቶ ምልክት ያድርግበት፤ ከዚያ በኋላ ጣሳው ሚዛኑ ይሆናል። መጠን ሲያልፍ ፍሬውም ይጎዳል፤ ማንጎ በናይትሮጅን ብዛት ከአበባ ይልቅ ቅጠል ያበዛል፤ የብርቱካን ልጣጭ ይወፍራል፤ ፖምም ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሲቀመጥም ቶሎ ይበላሻል።

ሐ. ጊዜ፦ የዓመቱን ድርሻ በሦስት ወይም በአራት ከፍሎ መስጠት። ከላይ ያሰላነው 370 ግራም በአራት ሲከፈል በእያንዳንዱ ጊዜ 92 ግራም ገደማ ይሆናል። ጎርፍ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ፣ ወይም ከባድ ዝናብ ሲያንዣብብ መስጠት ለወንዙ መስጠት ነው። በደረቅ አፈር ላይም መስጠት ሥርን ያቃጥላል። አፈሩ ርጥበት ሲኖረው ሰጥቶ በልክ ማጠጣት ይሻላል። በመስኖ አካባቢ ውሃን ማብዛት ማዳበሪያን እንደ ማብዛት ነው፤ ትርፉ ውሃ ናይትሬቱን ይዞ ይወርዳልና።

መ. ቦታ፦ ከግንዱ ሥር ሳይሆን፣ የቅርንጫፎቹ ጥላ በሚያርፍበት ክበብ ዙሪያ መበተንና በስሱ በአፈር መሸፈን። የአቮካዶ ሥር ላይ ላዩን ስለሆነ በጥልቅ መቆፈር አይገባም። በላዩ ገለባና ደረቅ ቅጠል መጎዝጎዝ ርጥበትን ይጠብቃል፣ አፈሩንም ከዝናብ ይጋርዳል፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን እንዳይነካ ስንዝር ያህል ይራቅ። በተዳፋት ላይ እርከን፣ በማሳው ግርጌና በወንዝ ዳር ደግሞ ቬቲቨር ወይም የዝሆን ሣር መትከል የሚታጠበውን አፈር ይይዛል። የዝሆኑ ሣር ታጭዶ ለከብት ይሆናል፤ የከብቱም ፍግ ወደ ዛፉ ይመለሳል። የማዳበሪያ ጆንያን በወንዝ ወይም በጉድጓድ አጠገብ ማጠብና ማከማቸት ፈጽሞ አይገባም።

ማጠቃለያ

የበለሱ አትክልተኛ የለመነው ጊዜ እንጂ ብዙ ጆንያ አልነበረም። ቆፈረ፣ አየ፣ በዙሪያዋ አደረገ፣ ጠበቀ። የእኛም የፍራፍሬ እርሻ እንዲህ ያለ ትዕግሥትና ልክ ያስፈልገዋል። በቁምስናችን ግቢ ዛሬ ማዳበሪያ የምንሰጠው ከቀድሞው በጥቂቱ ነው፤ ዛፎቹም ከቀድሞው ይልቅ ያፈራሉ። አረጋዊው ግን በየጊዜው ጣሳውን ከመሙላታቸው በፊት ወደ ታችኛው ጉድጓድ አንድ ጊዜ ይመለከታሉ። ይህን ልማድ ለሁላችንም እንመኛለን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ከፍራፍሬ ማሳና ከእህል ማሳ በታች የሚገኙት ጉድጓዶች፣ ምንጮችና ወንዞች የትኞቹ ናቸው? ከእነርሱ የሚቀዱትስ እነማን ናቸው?

2. ለአንድ ዛፍ በዓመት ስንት ግራም ማዳበሪያ እንሰጣለን? ከፍጉና ከብስባሹ ጋር ደምረን አስልተነው እናውቃለን?

3. ውሃን ማፍላት ከናይትሬት እንደማይከላከል ለእናቶች እንዴት እናስረዳ?

4. በቁምስናችን አንድ የጋራ ሚዛን ለመግዛት፣ አፈር በጋራ ለማስመርመር ወይም በወንዝ ዳር ሣር ለመትከል ምን ማድረግ እንችላለን?

5. ማዳበሪያ ያጣው ጎረቤታችን በአንድ በኩል፣ ትርፉን የምናፈስስ እኛ በሌላ በኩል ብንሆን፣ ፍትሕ ከእኛ የምትጠይቀው ምንድን ነው?